ጀልባው አናት ላይ የሰቀልኩት ድምፅ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ሀያት ይባላል። ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ፣ አባቴ ሰይድ ራዲዮና ባትሪ ከሚሸጥባት ሱቅ ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተበላሸ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ሞንታርቦ እጠግናለሁ። ሽቦ መበየድ የጀመርኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ግን ሞቴ ነበር። ማይክ ጠግኜ ሳስረክብ እንኳ «ሄሎ» ብዬ አልሞክርም። በጥፍሬ መታ መታ አደርገውና ለባለቤቱ አቀብለዋለሁ።

በዚያ ዓመት ደግሞ ይባስ ብሎ አንገቴን የሚያስደፋ ነገር ገጥሞኛል። ጥር ላይ አምበር ከተማ ሰርግ ተጠርቼ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ይዤ ሄድኩ፤ አምፕሊፋየሬ ግን ለእነሱ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰዉ «ጨምሪው! ጨምሪው!» ሲለኝ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ድምፁ እንደ አሮጌ ሸማ ተቀደደ። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ዝም። ሙሽሮቹ በጭብጨባ ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሀያት ሞንታርቦ ሙሽራ ሲያይ ያፍራል» የምትል ቀልድ ከአምበር ተነስታ ማርቆስ ደረሰች። ሥራ ቀረ። ሰኔ ሲጠባ ክፍሏን ዘግቼ፣ አዲስ አበባ ካለችው አክስቴ ዘንድ ልብስ ልሸጥ ወሰንኩ። ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ጋሽ ምንይችል የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ጋሽ ምንይችል ከዲማ ወዲያ፣ ቁልቁል አባይ በረሃ ውስጥ በሞተር ጀልባ ሰው ከጎጃም ወደ ወሎ የሚያሻግር፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። ለአባቴ የስንት ዓመት ደንበኛ ነው፤ የጀልባውን ባትሪ የሚገዛው ከእኛ ነው። የዚያን ቀን ግን የመጣው ለባትሪ አልነበረም። አንድ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረገው።

«እይልኝ እስቲ! አምስት ሺህ ዋት!» አለ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ እየመታ። «ስፒከሮቹም ባለ አሥራ አምስት ኢንች ናቸው። ጀልባዬ ላይ ለጥላ የተሠራ የብረት ቅስት አለ። እዚያ አናቱ ላይ ስቀይልኝ። ተሻጋሪው በሁለቱም ገደል ላይ ሆኖ ጀልባው የት እንዳለ አያውቅም፤ እኔም ስጣራ ጉሮሮዬ አለቀ። ዘፈንም ይኑር! የገበያ ቀን አባይ ራሱ ይጨፍር!»

ደስታው ይጋባል። እኔ ግን ከአምበር በኋላ ትልቅ ቁጥር አላምንም። አምፕሊፋየሩን ከካርቶኑ አውጥቼ ጀርባውን አዞርኩትና ፊውዙን አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩ። ሠላሳ አምፔር ትላለች። የጀልባው ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። አሥራ ሁለት በሠላሳ ሲባዛ ሦስት መቶ ስልሳ ይሆናል። ከባትሪው የሚገባው ኃይል ከዚህ አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀር አለ። ታዲያ አምስት ሺው ከየት ይመጣል? ከአንድ እንስራ ሁለት እንስራ ውሃ አይቀዳም።»

«ካርቶኑ ዋሸኝ?»

«ካርቶን ምን ያፍራል! ስፒከሮቹም ቢሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ባለ አሥራ አምስት ኢንች የሚያምርበት በሳጥን ተዘግቶ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ፣ ለዚያውም ነፋስ ባለበት ወንዝ ላይ፣ ጉምጉምታው ተበትኖ ይቀራል። ክብደቱም አለ። ይኼን ሁሉ ብረት አናቱ ላይ ጭነው ጀልባው ወደ ጎን ቢያጋድልስ?»

ጋሽ ምንይችል ቅንድቡን ሰብስቦ ካርቶኑን እንደገና አየው። አባቴ ከሱቁ በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ ያዳምጣል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጓሮ ካሉት ዕቃዎቼ መካከል ባለ ስምንት ኢንች የሆኑ፣ መሃላቸው ላይ እንደ ጡሩንባ የተከፈተ አፍ ያላቸው አራት ስፒከሮች አወጣሁ። እያንዳንዳቸው መቶ ዋት ሳያቋርጡ ይችላሉ። ለእነሱ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው መቶ ሃያ ያህል የሚሰጥ፣ ፊውዙም ስልሳ አምፔር የሆነ አምፕሊፋየር ነበረኝ። አቅሙ ከስፒከሮቹ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሳይጨነቅ ይሠራል። በአምበሩ ሰርግ የተማርኩት ይኼንን ነው። ስፒከርን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕሊፋየር አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ የተገፋ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው።

«እነዚህ ትናንሾች አባይን ያሻግራሉ?» አለ እየሳቀ።

«ጥሩ ሆነው ከተገጠሙ ያሻግራሉ።»

«እንግዲያው ራስሽ መጥተሽ ግጠሚያቸው!»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አይ፣ አትችልም» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ምንይችል፣ ልጄ የምታድረው ከባለቤትህ ጋር ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት አንድ ሥራ አሳምረሽ ሂጂ» አለኝ። ሻንጣዬን እንዳየ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ በመኪና ዲማ ደረስን። ከዚያ ዕቃውን በበቅሎ ጭነን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ደጋው ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ የነበርኩት ሴት፣ እየወረድን ስንሄድ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆር ጀመር። አባይ ከታች እንደ ተጣለ መቀነት ይታያል። ሌሊቱን የጋሽ ምንይችል ባለቤት ጎን አደርኩ፤ ጠዋት ገና ፀሐይ ገደሉን ሳታልፍ ጀልባው ላይ ወጣሁ።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ቅስቱ ላይ ወጥቼ ሁለቱን ስፒከሮች ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ አድርጌ አሰርኳቸው። አምፕሊፋየሩን ውሃ እንዳይነካው ከመቀመጫው ሥር በሳጥን አስገባሁት፤ መጥሪያ ማይኩንም ከመሪው አጠገብ ሰቀልኩት። ሽቦውን ወፍራም አደረግሁ፤ ቀጭን ሽቦ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። ከዚያ ዘፈን ከፍቼ የድምፁን ቁልፍ ቀስ በቀስ አዞርኩ። ድምፁ ጥርት እንዳለ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ልክ ሊቀደድ ሲል የሚሰማውን ያችን ሻካራ ነገር ስሰማ መለስ አደረግሁትና፣ ቁልፉ የቆመበት ቦታ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ቀይ በላይ አይነካም። ሙሽራም ቢመጣ፣ ንጉሥም ቢመጣ!»

«እሺ ጌታዬ!» አለና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ።

በሁለቱም ዳር ተሻጋሪው ይጨፍር ጀመር። ከእኛ ቁልቁል ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወንዙ መሃል የአሸዋ ደለል አለ። የአገሩ ሰው ውሃው በሚጎድልበት ወራት ሽንኩርት ይዘራበታል። የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ የቀረውን ሊነቅሉ ከጎጃም ዳር እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ተሻግረው ደለሉ ላይ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ የጋሽ ምንይችል ልጅ እናኑ ናት። ዘፈኑን ሲሰሙ ሽንኩርቱን በቅጠሉ ይዘው ወደ ላይ እያወዛወዙ መለሱልን። እኔ ቅስቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከቀትር በኋላ ስምንት ተሻጋሪዎች ጭነን ወደ ወሎ በኩል ተነሳን። ከመካከላቸው ከዲማ የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። «ዛሬ አባይ ማሕሌት ቆሟል» እያሉ ያስቁናል። ነፋሱ ተነስቶ ከታች ወደ ላይ፣ ፊት ለፊታችን ይነፍሳል። ወንዙ መሃል ስንደርስ ጋሽ ምንይችል ድንገት ሳቁን አቋረጠ።

«ዘፈኑን አጥፊው» አለኝ።

አጠፋሁት። እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣና አየው። መዳፉ ላይ ስንጥርና የበሰበሰ ቅጠል አለ። አንገቱን ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አዞረ። እኔም አየሁ፤ ውሃው ቀለሙን ለውጧል፤ ነጭ አረፋ ተሰልፎ እየመጣ ነው። በኛ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ላይ፣ ከደጋው ግን ዘንቧል።

«ደራሽ ጎርፍ ነው» አለ ጋሽ ምንይችል፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ። «ደራሽ እየመጣ ነው።» ከዚያ ፊቱ ነጣ። «እናኑ!»

ሁላችንም ወደ ደለሉ ዞርን። ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ይነቅላሉ። በእነሱና በዳሩ መካከል ያለው ያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ፣ ደራሽ ሲመጣ ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው። በጀልባ እንዳንደርስላቸው በመካከላችን ያለው ድንጋይ አያሳልፍም፤ ስምንት ነፍስም ጭነናል። ጋሽ ምንይችል ቆሞ በሙሉ ኃይሉ ተጣራ። ነፋሱ ድምፁን ከአፉ ላይ ወስዶ ወደ ኋላ ጣለው። አንድም ሰው ቀና አላለም።

«ተናገሪ!» አለኝ። «ማይኩን ያዢና ተናገሪ! እኔ መሪውን ልለቅ አልችልም!»

ማይኩን አነሳሁ። አፌ ደረቀ።

«ሄሎ… ከደለሉ ውጡ… ውሃ መጣ… ውጡ!»

ቀና አሉ። ልቤ ዘለለ! ከዚያ አንዱ ሰውዬ ሽንኩርቱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልን። ሌላው እስክስታ ወረደ። ጠዋት የሞከርነውን ዘፈን የቀጠልን መስሏቸዋል! ቃሉ አልደረሰም፤ የደረሰው ጩኸት ብቻ ነው።

«ጨምሪው!» ጮኸ ጋሽ ምንይችል። «እስከ መጨረሻው አዙሪው! ልጄ ናት! አዙሪው!»

ተሳፋሪውም «ጨምሪው! ጨምሪው!» አለ። ያንኑ የአምበሩን ቃል። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ ቀዩ ምልክት ላይ ነው። ጣቶቼ ማዞር ጀመሩ። ባዞረው ድምፁ እንደሚቀደድ፣ የተቀደደ ድምፅ ደግሞ ቃል እንደማይሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጩኸት ሰምተዋል፤ በጩኸት እየጨፈሩ ነው። የሚያስፈልጋቸው ቃል ነው።

እጄን አነሳሁ።

«አላዞርም!» አልኩ፣ ለጋሽ ምንይችል ይሁን ለራሴ አላውቅም። ቤዙን፣ ያንን ወፍራም ድምፅ፣ ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት፤ ለሰው ንግግር ጉምጉምታ ምን ያደርግለታል፤ የሚበላውን ኃይል ለቃሉ ይተውለት። ቀጥዬ ቁልፍ መፍቻውን ይዤ ቅስቱ ላይ ዘለልኩ። ወደ ኋላ የሚያዩት ሁለቱ ስፒከሮች ባዶ ገደል ላይ ነበር የሚጮኹት።

«መሪጌታ! ይኼን የቅስቱን ቧንቧ ይያዙልኝ!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ጥለው ተነሱ። እሳቸው ሲይዙ እኔ ብሎኑን አላላሁ፤ ሁለቱን ስፒከሮች ጠምዝዤ ወደ ደለሉ መለስኳቸው። አራቱም አፎች ወደ አንድ ቦታ አዩ። መዳፌ ተልጦ ደም ይፈስ ነበር፤ የታወቀኝ በኋላ ነው። ጋሽ ምንይችል ደግሞ ጀልባውን ትንሽ አዙሮ አፍንጫውን ወደ እነሱ ያዘልኝ።

«ስማቸውን ይንገሩኝ!» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«እናኑ! እናኑ ምንይችል!»

ማይኩን ወደ አፌ አቀረብኩ። በዝግታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየሁ ተናገርኩ።

«እናኑ ምንይችል። እናኑ ምንይችል። አባትሽ ነው የላከኝ።»

ደለሉ ላይ አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እናኑ፣ ደራሽ መጥቷል። ሽንኩርቱን ተይው። ወደ ዳር ሩጪ!»

«ስንዱ፣ አያሌው፣ ጋሽ ደምለው!» እያለ ጋሽ ምንይችል ይጠራልኛል፤ እኔ እደግመዋለሁ። «ወይዘሮ ስንዱ፣ ደራሽ ነው፣ ይሩጡ! አያሌው፣ ሩጥ!» እስክስታ ይወርድ የነበረው ሰውዬ ትከሻው ባለበት ቀጥ አለ። ዞሩ። ሮጡ። እየተያያዙ ያንን የጎን ውሃ ገቡበት። ጉልበታቸው ጋ የነበረው ውሃ ወገባቸው ላይ ደርሷል።

አንድ ሽማግሌ ግን መንገድ ጀምሮ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ጆንያ ይጎትታል።

«ጋሽ ደምለው ነው!» አለ ጋሽ ምንይችል። «ወይ ይኼ ሰውዬ!»

«ጋሽ ደምለው!» አልኩ፤ ያኔ ድምፄ ውስጥ ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ንዴት ነበር። «ጆንያውን ይጣሉት! አሁን ይጣሉት! ሽንኩርት ይበቅላል፣ እርስዎ አይበቅሉም!»

ጣሉት። እየተውተረተሩ ውሃው ውስጥ ሲገቡ አየሁ። ከዚያ በኋላ ማየት አልቻልኩም፤ ደራሹ ደረሰብን።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ድንጋይ እንደ ጫነ መኪና የሚያጓራ። ጀልባው ከሥሩ ተነሳ። አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ በአጠገባችን አለፈ። ጋሽ ምንይችል ጥርሱን ነክሶ መሪውን ይዞ ጀልባውን በወሎ በኩል ካለው አሸዋ ላይ እየነዳ ሰካው፤ ሁላችንም ተደራርበን ወደቅን። ቀና ስል ደለሉ የለም። ሽንኩርቱም፣ አሸዋውም የለም። አንድ ቡናማ ውሃ ብቻ ነው ከዳር እስከ ዳር።

በወዲያ በኩል ያለውን ዳር ቁጥቋጦ ይከልለዋል። ወጡ? ሁሉም ወጡ? ጋሽ ምንይችል አሸዋው ላይ ተንበረከከ። ማይኩን ከወደቀበት አነሳሁ። አምፕሊፋየሩ አሁንም በሳጥኑ ውስጥ እየሠራ ነው።

«እናኑ ምንይችል! ከሰማሽኝ ገደሉ ላይ ውጪና ታዪ!»

ጠበቅን። ያ መጠበቅ ስንት ደቂቃ እንደ ነበር አላውቅም። ከዚያ ከቁጥቋጦው በላይ፣ ገደሉ ላይ አንዲት ሴት እስከ ደረቷ ጭቃ ሆና ወጣች። ነጠላዋን ፈትታ ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላው ሌላ። እኔ ጮክ ብዬ በማይኩ ቆጠርኩ፤ ተሳፋሪው አብሮኝ ቆጠረ። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር።

አሥር ላይ ቆመ።

መሪጌታ በለሆሳስ ይጸልያሉ። እኔም በልቤ በራሴ ቃል እለምናለሁ። ከዚያ ከአንድ ዋንዛ ጀርባ፣ ከወጡት መሃል ተመልሰው በወረዱ ሁለት ሰዎች ተደግፈው፣ ጋሽ ደምለው ብቅ አሉ። አሥራ አንድ! የዚያን ጊዜ ከጀልባው ዳር የወጣው እልልታ ያለ ማጉያ ገደሉን ያሻገረ ይመስለኛል። ጋሽ ምንይችል አንስቶ አሽከረከረኝ። መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ደራሽን ደራሽ ቀደመው» አሉኝ። ይቺን ቃል አሁንም ለሰው ስናገር ሁለቱን ትርጉሟን እያጣጣምኩ ነው።

ውሃው ጋብ እስኪል እዚያው ወሎ በኩል አድረን በማግስቱ ተሻገርን። ጋሽ ደምለው ዱላቸውን ይዘው ዳሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጆንያዬን ያስጣለችኝ የቷ ናት?» አሉ ተቆጥተው።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ቀረቡኝ። ዱላውን ጣሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ቤቴ ስመለስ አዲስ አበባ የሚባለውን ነገር ማንም አላነሳብኝም፤ እኔም አላነሳሁም። አባቴ ዘንድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሻንጣዬን ከፍቶ ልብሴን መደርደሪያው ላይ ራሱ መልሶ አገኘሁት። የአምበሯ ቀልድ ግን አልጠፋችም፤ አሁንም የሚቀልዱብኝ አሉ፤ ዛሬ አብሬያቸው እስቃለሁ። ስፒከርም እስከ ዛሬ ይቃጠልብኛል። ሥራ ነው።

የተለወጠው እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ከማሽን ጀርባ እደበቅ ነበር። ያን ቀን ያወቅሁት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ «ጨምሪው» ሲላችሁ፣ ልካችሁን አውቃችሁ እዚያ ላይ መቆም ያስፈራል፤ ከመጮህ ይልቅ ይከብዳል። እናንተም አንድ ቀን የምትወዱት ሰው አደጋ ላይ ቆሞ፣ እናንተ ስትጮሁ እሱ ሲጨፍር ታዩ ይሆናል። ያኔ ጩኸታችሁን አትጨምሩ። ፊታችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዙሩና በስሙ ጥሩት።

አሁን በዚያ መሻገሪያ ሦስት ጀልባዎች አሉ፤ የሦስቱንም ድምፅ ማጉያ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኔ ክረምቱ ሳይገባ ልፈትሻቸው ወርጄ ነበር። ማይኩን ለእናኑ ሰጠኋት፤ ዛሬ የአባቷን ጀልባ የምትነዳው እሷ ናት። ነፋሱ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ይነፍሳል። እናኑ ወደ አዲሱ ደለል ዞረችና እዚያ ያሉትን ሽንኩርት ነቃዮች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው። ከነፋሱ ወዲያ፣ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ብለው እየቆሙ መለሱላት።

«አቤት!»

«አቤት!»

«አቤት!»